በሰው ስም መግባትና በራስ ስም መርዳት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለመሠረታዊ ማኅበራት አመራሮች፣ ለሂሳብ ሠራተኞችና ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

ክቡራን የዩኒየኑ የቦርድ አባላት፣
ክቡራን የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣
የተከበራችሁ የሂሳብና የመጋዘን ሠራተኞች፣
ጥሪ የተደረገላችሁ እንግዶች፣



በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ዘወትር የሚወሳው የተሰበሰበው እህል፣ የተሠራጨው ማዳበሪያ፣ የተገዛው የጭነት መኪናና የተገነባው መጋዘን ነው። ሊወሳም ይገባዋል። የዛሬው ንግግር የሚያነሳው ጉዳይ ግን እንደ መጋዘን ከሩቅ የማይታይ ነው። አንድ ሠራተኛ ጠዋት ኮምፒዩተር ሲከፍት የተጠቃሚ ስሙንና የይለፍ ቃሉን ወይም ፓስወርዱን ያስገባል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ፣ ገቢም ሆነ ወጪ፣ በእሱ ስም ይመዘገባል። አካውንቱ እክል ሲገጥመውና ሌላ ሰው «ላስተካክልልህ» ብሎ በዚያው ስም ሲገባ ምን ይሆናል? የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው።

የመጋዘን ቁልፍና የ«ስለ» ፊርማ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ልማድ አላቸው፤ የጎደለው ልማዱን ወደ ኮምፒዩተር ማሻገር ነው። የመጋዘን ሠራተኛው ታሞ ቢቀርና እህል መውጣት ቢኖርበት፣ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ መጋዘኑን አይከፍትም። ኮሚቴ ይቋቋማል፣ በፊታቸው ይከፈታል፣ ቆጠራ ይደረጋል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሁሉም በየስማቸው ይፈርማሉ። ይህ የሚደረገው የታመመው ሠራተኛ ስለማይታመን አይደለም። ነገ ጉድለት ቢገኝ እሱ በሌለበት በተከፈተ በር እንዳይጠየቅ ነው።

ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ሥራ አስኪያጁ መስክ ቢወጣና ምክትሉ ቢፈርም፣ የሥራ አስኪያጁን ፊርማ አስመስሎ አይፈርምም። «ስለ» ብሎ የራሱን ፊርማ ያኖራል፤ የራሱንም ስም ይጽፋል። ደብዳቤውን ያነበበ ሁሉ ሥልጣኑ የማን እንደሆነ፣ እጁም የማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። ውክልና ማለት ይህ ነው። የሌላውን ፊርማ አስመስሎ መፈረም ግን ሌላ ስም አለው፤ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ይባላል።

በሰው ፓስወርድ ገብቶ መሥራት ከሁለቱ ለየትኛው ይቀርባል? ለዚህ አንድ ምሳሌ ማየት ይበቃል።

በቅንነት የሚደርስ ጥፋት

ምሳሌው የአንድ ማኅበር ታሪክ አይደለም፤ በየትም ሊደርስ የሚችል ነው። ወሩ ሰኔ ነው። አንድ አርሶ አደር የማዳበሪያ ዋጋ ከፍሎ ደረሰኙን ይዟል። የማኅበሩ ኮምፒዩተር ግን አሁንም ዕዳ አለበት ይላል፤ ዕዳ ያለበት ደግሞ ከመጋዘን ማውጣት አይችልም። ዝናቡ ጀምሯል፣ ወረፋው ረዝሟል። የሂሳብ ሠራተኛዋ ስህተቱን ለማረም ስትሞክር ኮምፒዩተሩ ፈቃድ የለሽም ይላታል።

ወደ ዩኒየኑ የኮምፒዩተር ባለሙያ ትደውላለች። እሱ በራሱ ስም ገብቶ ሲያየው ሁሉም ነገር ይሠራል። «እህቴ፣ በእኔ በኩል ችግር አይታይም። ፓስወርድሽን ንገሪኝና ባንቺ ስም ገብቼ ልየው» ይላታል። እሷም ወረፋ በያዘው ሰው ፊት ፊደሉን አንድ በአንድ ትነግረዋለች። ባለሙያው ይገባል፤ ለአዲሱ የምርት ዘመን መዝገብ ፈቃድ ሳይሰጣት መቅረቱን ያገኘዋል፤ ያስተካክለዋል። እግረ መንገዱንም ሊረዳት ብሎ የአርሶ አደሩን ዕዳ በስሟ ይሰርዛል። ነገር ግን በዚያ ማኅበር በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት አባላት አሉ። የተሰረዘው የሌላኛው ዕዳ ነው። እሷ ፈቃዷ እንደተመለሰላት የትክክለኛውን አርሶ አደር ዕዳ ራሷ ታስተካክላለች፤ ሰውየውም ማዳበሪያውን አስጭኖ ይሄዳል። ሁሉም ተመሰጋግነው ይለያያሉ።

ኦዲተር ሲመጣ ደረሰኝ የሌለው የዕዳ ስረዛ ያገኛል። መዝገቡ የእሷን ስም ይዟል። «እኔ አላደረግሁትም» ትላለች። ባለሙያው ቢጠየቅ፣ በዚያን ሰሞን ከብዙ ማኅበራት ጋር ሲነጋገር ስለዋለ አያስታውስም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የነበረው ሰው ስሙ በመዝገቡ ላይ የለም።

በዚህ ነገር ውስጥ ሌባ የለም፣ ተንኮለኛም የለም። ሆኖም ሦስት ሰዎች ተጎድተዋል። ሠራተኛዋ ስሟ ጎደፈ፤ ሳይከፍል የተሰረዘለት አባል ባላወቀው ነገር ተጠርጣሪ ሆነ፤ ባለሙያውም መልካም ሥራው ወደ ጥርጣሬ ተለወጠበት። ማኅበሩም ተጎድቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ስም የተጻፈው ሁሉ አጠራጣሪ ነውና። ፓስወርዱን ወረፋ ላይ የነበረው ሁሉ ሰምቶታል። ነገ እውነተኛ ሌባ ቢያዝ እንኳ «ፓስወርዱን ሁሉም ያውቀዋል» ብሎ መከራከሪያ ያገኛል። የጋራ የሆነ ፓስወርድ ንጹሑን ለጥርጣሬ ያጋልጣል፤ ጥፋተኛውን ደግሞ ይሸሽጋል።

ባለሙያው ለምን በሰው ስም መግባት ይፈልጋል?

ባለሙያውን መውቀስ ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን መረዳት ያስፈልጋል። ሥርዓቱን የሚያስተዳድር ሰው አካውንቱ ሰፊ ሥልጣን አለው። ሁሉም በር ስለሚከፈትለት ለሌላው የተዘጋው በር አይታየውም። ችግሩ ያለው በተጠቃሚው ፈቃድ፣ በተመደበበት ቅርንጫፍ ወይም በገጹ አቀማመጥ ላይ ከሆነ በአስተዳዳሪ ስም ቢፈተሽ ሁሉም ደህና መስሎ ይታያል። ስለዚህ ተጠቃሚው የሚያየውን ማየት ተገቢ ፍላጎት ነው። የሚያስጠይቀው ተጠቃሚው የሚያየውን ለማየት ሲባል ተጠቃሚውን መስሎ መሥራት ነው።

ይህ ጥያቄ ከኮምፒዩተር ጋር አብሮ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ብዙ ሰዎች አንድ ኮምፒዩተር መጋራት ሲጀምሩ፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት በተሠራው ሥርዓት ላይ ለየተጠቃሚው ፓስወርድ ተሰጠ። ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ1962 አለን ሼር የተባለ ተማሪ የተመደበለት ሰዓት ስላነሰው የሁሉንም ፓስወርድ የያዘውን ፋይል በማተሚያ አሳትሞ በሌሎች ስም መሥራት ጀመረ። ነገሩን እሱ ራሱ ያወጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ በተሠራው ዩኒክስ ላይ ደግሞ «ሱ» የሚባል ትዕዛዝ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ወደ ሌላው ስም መሻገር ሲፈልግ የዚያን የሌላውን ፓስወርድ ይጠይቀዋል። ይህም የዋናውን አስተዳዳሪ ፓስወርድ ብዙ ሰው እንዲያውቀው አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በቡፋሎ የኒውዮርክ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቦብ ኮግሻልና ክሊፍ ስፔንሰር «ሱዱ» የተባለውን ሠሩ። ይኸኛው የሚጠይቀው የገቢውን የራሱን ፓስወርድ ነው። ይህን እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆኑን ከዝርዝር ያያል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳዘዘም ይመዘግባል። በአገር ቤት ቋንቋ ሲነገር «ሱ» የሰው ቁልፍ መዋስ ሲሆን «ሱዱ» በ«ስለ» መፈረም ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ አልፎትም ዛሬ ድረስ ይሠራበታል።

ታላላቅ ኩባንያዎችም በዚሁ ጉዳይ ተፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ፌስቡክ አንድ ሰው የራሱን ገጽ ሌላው እንደሚያየው አድርጎ የሚያይበት አገልግሎቱ ቀዳዳ እንደነበረው አስታወቀ፤ በዚያ ቀዳዳ የ30 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመግቢያ መለያ መሰረቁ ታወቀና አገልግሎቱ ለጊዜው ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ደግሞ በኋላ ኤክስ በተባለው በትዊተር ላይ አታላዮች ለሠራተኞች ስልክ እየደወሉ አሳሳቱና ለደንበኞች እርዳታ የተዘጋጀውን የውስጥ መሣሪያ እጃቸው አስገቡ። 130 ያህል አካውንቶችን ዒላማ አደረጉ፤ የባራክ ኦባማና የቢል ጌትስም ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለእርዳታ ተብሎ የተከፈተ በር ከሌላው በር ሁሉ ይበልጥ ጥበቃ የሚሻ መሆኑ ነው።

በሰው ስም ሳይገቡ የሚፈቱ ችግሮች

«አካውንቴ አልሠራ አለኝ» የሚል ስልክ ሲደወል፣ ማንም በማንም ስም ሳይገባ ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። በገጠር ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት ከዚህ በታች ያሉት ናቸው።

ሀ. የፊደል ገበታው። ሠራተኛው ደብዳቤ በአማርኛ ሲጽፍ ቆይቶ ወደ እንግሊዝኛው ሳይመልሰው ፓስወርዱን ከጻፈ፣ የሚገባው ሌላ ፊደል ነው። ፓስወርዱ በነጠብጣብ ስለሚሸፈን ስህተቱ አይታይም። ካፕስ ሎክ ተጭኖ መቆየቱም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያ የተጠቃሚ ስም በሚጻፍበት ክፍት ቦታ ላይ ጥቂት ፊደል ጽፎ ማየትና ማጥፋት ነገሩን ይለያል።

ለ. የአባል ስም አጻጻፍ። ዓለሙ በአይኑ «ዓ» ተመዝግቦ በአልፋው «አ» ቢፈለግ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላል። ኃይሉና ሀይሉ፣ ሠናይትና ሰናይትም እንዲሁ ናቸው። ለአንባቢ አንድ የሆነው ለኮምፒዩተር ሁለት ነው። አባላት በስም ብቻ ሳይሆን በአባልነት ቁጥር መፈለግ የሚኖርባቸው ለዚህ ነው። ከላይ በምሳሌው የታየውም ስህተት በቁጥር ቢፈለግ ባልደረሰ ነበር።

ሐ. ቀንና ሰዓት። የአካውንቱ ማብቂያ በፈረንጅ አቆጣጠር ተሞልቶ ሠራተኛው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢያነበው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። የመግቢያ መዝገብ 14:20 ሲል በአገር ቤት አነጋገር ከቀኑ 8:20 ማለት ነው። መዝገቡ በዓለም አቀፍ ሰዓት የሚሞላ ከሆነ ደግሞ 11:20 ብሎ ይጽፈዋል፤ የኢትዮጵያ ሰዓት በሦስት ሰዓት ይቀድማልና። ይህን ያላወቀ ኦዲተር ቢሮ ተከፍቶ በነበረበት ሰዓት የተሠራውን በሌሊት የተሠራ ሊያስመስለው ይችላል።

መ. መቆለፍና ፈቃድ። ፓስወርድ ደጋግሞ የተሳሳተ አካውንት በብዙ ሥርዓቶች ላይ በራሱ ይቆለፋል። ሠራተኛ ሲዛወርም የአዲሱ ቅርንጫፍ ፈቃድ ሳይሰጠው ይቀራል። ሁለቱንም ባለሙያው በራሱ ስም ሆኖ ከአስተዳዳሪው ገጽ ሊያያቸውና ሊያስተካክላቸው ይችላል።

ሰው ሲረዳ የሚከተለው ቅደም ተከተል

እነዚህ ታይተው ችግሩ ካልተፈታ የእርዳታው ደረጃ የሚከተለው ቢሆን ይመረጣል።

አንደኛ፣ ሠራተኛው ራሱ ገብቶ ባለሙያው ከጎኑ ሆኖ ያያል። በስልክ ከሆነ በገጹ ላይ የወጣውን ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል ያስነብበዋል። የሩቅ ማያ ፕሮግራም ካለም ሠራተኛው እያየ ይገናኛል፤ ሥራው እንዳለቀም ግንኙነቱ ይዘጋል።

ሁለተኛ፣ ባለሙያው ከሠራተኛው ጋር አንድ ዓይነት ፈቃድ ያለው የመሞከሪያ አካውንት ያዘጋጃል። የሌላ ሰው ስም የለበትም፣ የእውነተኛ አባል ገንዘብም አይነካበትም። የሂሳብ ሠራተኛው ዓይን የሚያየውን በዚህ ማየት ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ፓስወርዱ ከጠፋ ወይም ከተረሳ ባለሙያው አይጠይቅም፤ ይለውጣል። ጊዜያዊ ፓስወርድ ይሰጠዋል፤ ሠራተኛውም በመጀመሪያው መግቢያ በራሱ ይቀይረዋል። በደንብ በተሠራ ሥርዓት ፓስወርዱ እንዳለ ስለማይቀመጥ አስተዳዳሪውም ሊያነበው አይችልም። ስለዚህ ፓስወርድ የሚጠይቅ ባለሙያ የማያስፈልገውን እየጠየቀ ነው። የጠያቂውንም ማንነት ማረጋገጥ ይገባል። ድምፅ ሰምቶ ብቻ ፓስወርድ መለወጥ አይቻልም፤ በመዝገብ ባለው ስልክ ቁጥር መልሶ መደወል ይሻላል።

አራተኛና የመጨረሻው፣ ሥርዓቱ በሌላ ተጠቃሚ ዓይን የማየት አገልግሎት ካለው በእሱ መጠቀም ነው። ይኸም ቅድመ ሁኔታ አለው። ባለሙያው በራሱ ፓስወርድ ይገባል። ሠራተኛው አስቀድሞ ያውቃል፣ ይፈቅዳል። ምክንያቱ ይጻፋል። ጊዜው አጭር ነው። በገጹ ላይ በማን ስም እየታየ እንደሆነ ጎልቶ ይታያል። ማየት እንጂ መጻፍ አይቻልም። መዝገቡም «እገሌ፣ ስለ እገሌ» ብሎ ሁለቱንም ስሞች ይይዛል። ገንዘብ ማንቀሳቀስ፣ ዕዳ መሰረዝ፣ ዕጣ ማዛወርና ክፍያ ማጽደቅ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይደረግም። የተሳሳተውን ሂሳብ የሚያርመው የሂሳብ ሠራተኛው ነው፤ የሚያጸድቀውም ሌላ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ተቃውሞ ይነሳል። «ዝናብ አይጠብቅም፤ አርሶ አደሩን በኮምፒዩተር ምክንያት ወረፋ ላይ ማቆም ተገቢ ነውን?» የሚል ነው። ተገቢ አይደለም። መፍትሔው ግን ፓስወርድ መዋዋስ አይደለም። ደረሰኝ የያዘ አባል ደረሰኙ ከቀሪው ጋር ተመሳክሮ፣ የሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት በወረቀት ፈርመውበት ማዳበሪያውን ይወስዳል፤ የኮምፒዩተሩ ሂሳብ በኋላ ይታረማል። የወረቀት መንገድ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ማንም በጭንቀት የሰው ስም አይዋስም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ያላስፈለገ ብድር ነው።

የአመራሩ ኃላፊነት

ይህ ሁሉ የባለሙያው ሥራ ብቻ አይደለም። በአንዳንድ ቢሮ ሦስት ሠራተኞች በአንድ የተጠቃሚ ስም ይሠራሉ፤ ፓስወርዱም በወረቀት ተጽፎ ኮምፒዩተሩ ላይ ተለጥፏል። እንዲህ ባለ ቢሮ ቁጥጥር ኮሚቴው ምን ሊቆጣጠር ይችላል? አመራሩ ለየሠራተኛው የየራሱ ስም እንዲኖረው፣ ፈቃድ የሚወጣ ሠራተኛ ተተኪው አስቀድሞ በራሱ ስም እንዲመዘገብ፣ ከሥራ የተሰናበተም በዕለቱ እንዲዘጋ ማዘዝ ይጠበቅበታል። ሥራ አስኪያጁም ራሱ «ፓስወርድህን ስጠኝ» ከማለት መቆጠብ አለበት፤ የበላይ ሲጠይቅ እምቢ ማለት ለበታች ሠራተኛ ከባድ ነውና። ቁጥጥር ኮሚቴው የመግቢያ መዝገቡን በየጊዜው የማየት ልማድ ቢያደርግ ኦዲተር እስኪመጣ አይጠበቅም።

ሕጉም ግልጽ ነው። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ በማለፍ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ የሚጠየቅበትን ግዴታ ደንግጓል። የአባል ስም፣ የስልክ ቁጥርና የዕዳ መጠን የግል መረጃ ነው። ባለሙያው «ለሥራ ነው የገባሁት» ቢል፣ ፈቃዱ እስከ የት እንደነበር በጽሑፍ ካልተቀመጠ ራሱንም የሚጠብቅለት ነገር የለም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ልማድ ከቢሮ ወደ ቤት ይሄዳል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ፣ የአርሶ አደሩ ገንዘብ በኪሱ ባለው ስልክ ውስጥ ገብቷል። አታላዩ የሚደውለው «አካውንትህ ችግር ገጥሞታል፤ ላስተካክልልህ የሚስጥር ቁጥርህን ንገረኝ» እያለ ነው። ይህ አነጋገር በማኅበሩ ቢሮ ከሚሰማው በምን ይለያል? ማኅበሩ ለእርዳታ ሲል የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ፣ አባሉን ለአታላይ እያለማመደው ነው። በአንጻሩ «የሚረዳ ሰው ፓስወርድ አይጠይቅም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በየማኅበሩ ግድግዳ ላይ ቢጻፍ፣ ከቢሮው አልፎ የአባሉን ቤት ይጠብቃል።

ክቡራን ተሰብሳቢዎች፣

ኅብረት ሥራ ማኅበር የቆመው አንድ አባል አንድ ድምፅ በሚለው መርህ ላይ ነው። ዕጣው ብዙም ይሁን ጥቂት፣ የማንም ድምፅ በሌላው አይሰጥም፤ የማንም ስም በሌላው አይሸፈንም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ እንደተባለው፣ የሠራተኛን ስም ማክበር ሠራተኛውን ማክበር ነው። ያቺ የሂሳብ ሠራተኛ ኦዲተር ፊት ቆማ «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ግን አላደረግሁትም» ስትል መዝገቡ ሊመሰክርላት ይገባል። የረዳትም ባለሙያ ስሙ ከስሟ አጠገብ በ«ስለ» ተጽፎ ሲገኝ፣ እርዳታው እርዳታ ሆኖ ይቀራል።